በጽጌረዳው ላይ የታሰረው ቀይ ክር

ሰኞ

ፊደልን የጨረስኩት በአንድ ሌሊት ነው። ማለቴ፣ የጨረስኩበት ሌሊት አንድ ነው፤ የጀመርኩበት ሌላ ነው፤ በመካከላቸው ሁለት ዓመት ከምናምን አለ። ቢሆንም ከማታ ተማሪዎቹ ሁሉ በዕድሜ ትልቁ እኔ፣ በእጅ ጽሕፈት ቆንጆው እኔ፣ በቀልድ ደግሞ አስተማሪው ራሱ "እባክዎ አባባ፣ ክፍሉን አይበትኑብኝ" ብሎ የለመነኝ እኔ ነኝ። ሲያሰናብተን "በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጻፉ፣ ያልጻፈ እጅ ይረሳል" አለን። እኔ የምረሳ ሰው አይደለሁም። ግን ደብተሩ አንዴ ተገዝቷል።

ሥራዬ አትክልተኛነት ነው። በመዋዕለ ሕፃናቱ ግቢ ውስጥ ያለው ጽጌረዳ፣ ባቄላው፣ ጎመኑ፣ አጥሩ ላይ የተጠመጠመው ሐረግ፣ ሁሉም በእኔ እጅ የበቀለ ነው። ዝናቡም ትንሽ ረድቶኛል።

የልጄ ልጅ እዚያው ትማራለች። ድንቡሼ ነው የምንላት። ስሙን ያወጣችላት እናቷ ናት፣ ጉንጯን እያየች። አሁን ጉንጩ የለም፣ ስሙ ቀርቷል። እናቷ፣ ማለትም ልጄ፣ ካረፈች ወዲህ ድንቡሼ አንድም ቃል ተናግራ አታውቅም። ሐኪሙ "ጉሮሮዋ ደህና ነው፣ ጊዜ ስጧት" አለ። ጊዜማ ሰጠኋት፣ ቀልድም መርቄበት። ትናንት ማታ አፍንጫዬ ላይ ማንኪያ አንጠልጥዬ ቤቱን ዞርኩላት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች።

ማክሰኞ፣ በምሳ ሰዓት

በጥድፊያ ነው የምጽፈው። የሥዕል መምህርቷ አዲስ ነገር አመጣች። ሕፃናቱ አትክልትን የሚረዱ ነፍሳትን እየሳሉ ሊማሩ ነው። ንብ፣ ቢራቢሮ፣ ቀይ ጥንዚዛ።

"ጋሼ፣ እርስዎ ያውቋቸው የለ? ያሳዩናል" አለችኝ።

"እነሱን ብቻ? ዘመድ አዝማዳቸውን ጭምር ነው የማውቀው" አልኳት።

ምግብ አብሳይዋ በመስኮት ሰምታ "እሱ የሚያውቀው ሾርባዬ ውስጥ የገባውን ዝንብ ነው" አለች። ይቺ ሴት ምላሷን ቢላዋ ላይ ነው የምትስለው። ደወል ተደወለ።

ሐሙስ ማታ

ዛሬ ግቢዬ በሕፃናት ተጥለቀለቀ። ጠዋት ክፍል ውስጥ አውራ ጣታቸውን ቀይ ቀለም ነክረው ወረቀት ላይ ተጫኑ፤ ከዚያ በጥቁር ነጠብጣብ ሲጨምሩበት ጥንዚዛ ሆነ። ወረቀት በግማሽ ቀለም ቀብተው አጠፉት፤ ሲከፍቱት ቢራቢሮ ሆነ። እኔም አንድ ሞከርኩ፤ የእኔ ቢራቢሮ የተረገጠች ቢመስልም ከሩቅ ታምራለች።

ከሰዓት በኋላ ወደ አትክልቱ ወጡ። የመምህርቷ አሠራር እንዲህ ነው። ሳያዩ መሳል የለም። እያንዳንዱ ልጅ አንድ የሚከታተለው ነፍሳት ይመርጣል፤ እሱ በሚኖርበት ግንድ ላይ ባለ ቀለም ክር ያስራል፤ በየሳምንቱ እየሄደ አይቶ በአዲስ ወረቀት ይስላል። ነፍሳቱ ሲለወጥ ሥዕሉም ይለወጣል። በወላጆች ቀን ወረቀቶቹ ሁሉ ግድግዳ ላይ ይሰቀላሉ።

"ክር የታሰረበትን እንዳይነኩብን ጋሼ።"

"በዓይኔም አልነካው።"

ለድንቡሼ አንድ ቢጫ ቢራቢሮ አሳየኋት። አልፋው ሄደች። ጽጌረዳው ጋ ደርሳ ቁጢጥ አለችና አንድ ጥቁር ነገር ላይ ዓይኗን ተከለች። እሾኻም፣ ስድስት እግር ያለው፣ ጎኑ ላይ ብርቱካንማ ነጥብ ያለበት፤ አዞ በመርፌ ቀዳዳ ሾልኮ ቢወጣ ይሄንን ነው የሚመስለው። ከልጅነቴ ጀምሮ ባየሁበት ስጨፈልቀው የኖርኩ ነገር ነው።

"ይሄን ተይው፣ ቆንጆ ላሳይሽ" አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ቀይ ክሯን ሁለት ጊዜ ቋጠረች። ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ ነበር የምትቋጥረው። ይቺን ምላስ ካየኋት ቆይቼ ነበር።

እሁድ ማታ

አክስትየው መጣች። የአባቷ እህት ናት፤ አባትየው የት እንዳለ እሷም እኔም አናውቅም። በሌላ ከተማ ልብስ ሰፊ ናት። ቢጫ የልብስ መለኪያ ሜትሯን ከአንገቷ አታወርድም፤ ፊቷ ደግሞ የተዘጋ ሱቅ ነው። ልጄ ታማ ሳለች እዚህ መጥታ ከርማለች። አጥባታለች፣ አገላብጣታለች፣ ድንቡሼም የምትተኛው እሷ ጭን ላይ ነበር። ይሄንን መጻፍ ለምን እንዳስፈለገኝ አላውቅም። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ እንጂ ማድረግ አቅቶኝ አይደለም።

"ጋሼ፣ ልጅቷን ልውሰዳት" አለች፣ ገና ቁጭ ሳትል።

"ወዴት?"

"ቤቴ። ሁለት እኩዮቿ አሉ። እርስዎ ቀን ሥራ፣ ማታ ትምህርት፤ እሷ ግድግዳ እያየች ልትኖር ነው?"

"የማታው አልቋል። ተመርቄያለሁ።"

"እንኳን ደስ ያለዎት" አለች። ጥርሷ አልታየም።

ከዚያ ሜትሯን አውርዳ የድንቡሼን ክንድ ለካች፣ ትከሻዋን፣ ከአንገት እስከ ጉልበት። ለሬሳ ሳጥን እንደሚለካ አናጢ ነው የታየችኝ። ድንቡሼ ግን ክንዷን ዘርግታ ቆመች። እኔ ፀጉሯን ሳበጥርላት አንገቷን እንኳ አትሰጠኝም።

"ልጅ እንደ ጨርቅ አይለካም" አልኳት።

"ልጅ ልብስ ይጠበዋል ጋሼ" አለች።

ብዙ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ እንዲህ አለች፤ "እሺ። ከእርስዎ ጋር መሆን ከፈለገች በአፏ ትናገር። ያኔ ዳግም አላነሳውም። ካልሆነ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እወስዳታለሁ።"

በአፏ ትናገር። ለዓሣ ዛፍ ውጣ እንደማለት ነው።

አክስትየው ከሄደች በኋላ ቤቱን አየሁት። ይቺ ልጅ ከተወሰደችብኝ እዚህ የሚቀረው የኔ ጫማና የኔ ቀልድ ነው። ጫማው ቢያንስ ጥንድ ነው።

ረቡዕ

ጽጌረዳው ላይ ክሽክሽ ወጣ። የተክል ቅማል በሉት፤ አረንጓዴ ነው፣ ግንዱ ላይ ተለጥፎ ጭማቂውን ይመጥጣል። ዳይሬክተሯ አየችውና "የወላጆች ቀን ሳይደርስ ይጽዳ" አለች። ድንቡሼ ሁለተኛውን ሥዕል ሳለች። ጥቁሩ ነገር ወፍሯል። እሷ አልወፈረችም።

ዓርብ

አክስትየው ደወለች። "ተናገረች?" "ልትናገር ነው።"

መምህርቷ ወደ ጥቁሩ እየጠቆመች "ምን እንደሚሆን እንዳይነግሯቸው ጋሼ፣ ራሳቸው ይድረሱበት" አለችኝ። ዓይኔን ጠቀስኩላት። ምን እንደሚሆን አላውቅም። ልጠይቃት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ምግብ አብሳይዋ ድስት ይዛ በአጠገባችን ስታልፍ መልሼ ዘጋሁት። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።

ቅዳሜ ማታ

ዛሬ የሠራሁትን ሥራ ሰው ቢያይ ይሾመኝ ነበር። ግቢው ባዶ ነው፣ ልጆች የሉም። ባቄላውን ኮተኮትኩ፣ ሐረጉን ከረከምኩ፣ ከዚያ ወደ ጽጌረዳው ዞርኩ። ክሽክሹ ብሷል። ጥቁሮቹም በመካከሉ ይርመሰመሳሉ፣ አንዱ ሳይሆን ብዙ። ሁለቱ ተጋግዘው ተክሌን ሊጨርሱት ነው። ጥቁሮቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣቴ ጨፈለቅኋቸው። ከዚያ መድኃኒት ረጨሁ። በሌሎቹ ግንዶች ላይ ያሉትን ክሮች አልነካሁም፤ ቃሌ ቃል ነው።

የድንቡሼ ቀይ ክር ጋ ስደርስ ቆምኩ። ጥቁሩ እዚያው ነው፤ ሳይንቀሳቀስ ግንዱ ላይ ተለጥፏል። ይቺ ልጅ ሐዘኗ ሳያንሳት ይሄን አስቀያሚ ነገር እየሳለች እንዴት ትስቃለች? እንዴት ትናገራለች? አንድ ሐሳብ መጣልኝ። እሱንም አንስቼ እንደ ወንድሞቹ አደረግሁት፤ ከዚያ ባቄላው ውስጥ ፈልጌ ፈልጌ አንዲት ቆንጆ ቀይ ጥንዚዛ አገኘሁ፤ ነጠብጣቧ የተቀባ የሚመስል። ቀይ ክሩ ያለበት ላይ አስቀመጥኳት፤ እንዳትበር ጫፉን በስስ ሻሽ ሸፍኜ አሰርኩት።

ሰኞ ጠዋት ሻሹን ስትፈታው አያታለሁ። "አባባ!" ትላለች። ሌላ ባትልም ይቺ ትበቃለች።

ሰኞ

ሻሹን ራሷ ፈታችው። ጥንዚዛዋ ጀርባዋን ሰጥታ እግሯን ወደ ሰማይ አንስታለች። ሞታለች። ግንዱ መድኃኒት ጠጥቶ አድሯል፤ እኔ ነኝ ያጠጣሁት።

ድንቡሼ ሬሳዋን አላየችም። ጥቁሩን ነው የምትፈልገው። ቅጠሉን ገለበጠች፣ ግንዱን ዞረች፣ መሬቱን በእጇ ዳበሰች። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየች፣ ቀጥሎ አውራ ጣቴን። ታጥቤው ነበር። በጥፍሬ ሥር ያለው አለቀቀም።

መምህርቷ እየሮጠች መጣች። "ጋሼ፣ እጮቹስ? የጥንዚዛዎቹ እጮች የት ሄዱ?"

"የምን ጥንዚዛ? ጥቁሮቹን ማለትሽ ነው?"

አልመለሰችልኝም። ክፍል ገብታ ትልቁን ባለ ሥዕል መጽሐፍ አመጣችና ከፍታ ሰጠችኝ። አዞዬ እዚያ ላይ ነው፣ ከነብርቱካንማ ነጥቡ። ከሥሩ ጽሑፍ አለ። ማንበብ እንደምችል ልታሳይ ፈልጋ ይሁን ወይ እንዳልችል መስሏት፣ አላውቅም፤ እኔ ግን ጣቴን ከሥሩ አድርጌ ጮክ ብዬ አነበብኩት፣ በማታ ክፍል እንደለመድኩት፤

"የ ጥን ዚ ዛ ልጅ። ክሽ ክሽ ን በመብላት ተክልን ት ጠ ብ ቃ ለች። ስታ ድግ ቀይ ክንፍ ታ ወ ጣ ለች።"

ሕፃናቱ ከበውኝ ነበር። ስጨርስ አንዳንዶቹ አጨበጨቡልኝ፤ ማንበብ ለጀመረ ልጅ ማጨብጨብ ተምረዋል። በሕይወቴ በቀን ብርሃን፣ በሰው ፊት ያነበብኩት የመጀመሪያው ነገር ይሄ ነው።

ምግብ አብሳይዋ ከበሯ ላይ ሆና፣ ለእኔ ሳይሆን ለአየሩ፣ "አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች" አለች። መጽሐፉን ዘግቼ ለመምህርቷ መለስኩላት።

ያው ሰኞ፣ ማታ

በዝናብ ባትሪ ይዤ ግቢው ውስጥ በጉልበቴ ሄድኩ። ለድንቡሼ አንድ፣ አንድ ብቻ ጥቁር ላመጣላት። በጽጌረዳው የለም። በባቄላው የለም። ክሽክሹ ግን አለ፤ ከመድኃኒቱ የተረፈው ተመችቶት እየበላ ነው። ዘበኛው "ምን ጠፋብህ?" አለኝ። "ቀለበት" አልኩት።

ዕድሜዬን ሙሉ ክሽክሽን ሳማርር ኖሬ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የሚበላልኝን ስገድል ኖሬያለሁ። አስቀያሚ ስለሆነ ብቻ። የተቆጣ ፊት ስላለው።

ቤት ስገባ ድንቡሼ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኝታለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ስለ አዞው ቀልድ ጀመርኩና መሀል ላይ ተውኩት። ትምህርት ቤት ሊዘጋ ጥቂት ሳምንት ነው የቀረው። አክስትየው ደግሞ መልሱን ልትሰማ እሁድ ትመጣለች።

መብራቱን ላጠፋ ስል ከግድግዳው በኩል ድምፅ ሰማሁ። "አባባ፣ እኔ ከዚህ አልሄድም። ካንተ ጋር ነው የምሆነው።" ቀጭን ድምፅ ነው፤ የእናቷን ይመስላል። ደግመሽ በይው አላልኳትም። ውጭ ዝናቡ እየዘነበ ነበር። ይኸው እዚህ ጻፍኩት። የተጻፈ ነገር ደግሞ እውነት ነው።

እሁድ

አክስትየው መጣች። ከበር ላይ "ተናገረች" አልኳት።

ሜትሯን ይዛ ቀረች። "ምን አለች?"

ነገርኳት። ቃል በቃል፣ ከደብተሬ ላይ እንደሚነበብ።

ድንቡሼ ፊት ተንበረከከች። "እውነት ነው እናቴ? ከአባባ ጋር ነው መሆን የምትፈልጊው?"

ድንቡሼ እኔን አየች። እኔ ጣራውን አየሁ። ጣራው ጥገና ያስፈልገዋል። አክስትየው ጠበቀች።

"ሰው ሲኖር ታፍራለች" አልኩ።

ተነሳች። "እንግዲህ በአፏ ትናገር ያልኩት እኔው ነኝ። የራሴን ቃል አላጥፍም።" ከቦርሳዋ ሰማያዊ ቀሚስ አወጣች፤ ከፊቱ ሁለት ሰፋፊ ኪሶች አሉት። "ኪሱ ለምን ነው?" አልኳት፣ ነገር ለማለሳለስ። "ልጅ ከመሬት የምታነሳው ነገር አታጣም" አለች። ድንቡሼን አለበሰቻት፤ ልክክ አለ። ደረቷ ላይ ሲደርስ ቁልፉን ለመቆለፍ ብዙ ቆየች።

ፊቷ የተዘጋ ሱቅ ነው ብዬ ጽፌ ነበር። ስትወጣ ለአፍታ ተከፍቶ አየሁት። ተዘግቶ ቢቀር ይሻለኝ ነበር።

ድንቡሼ እስኪጨልም የግቢውን በር ብረት ይዛ ቆመች። አላለቀሰችም። አሸንፌያለሁ። በትልቁ ልጽፈው ነበር፤ እርሳሱ ተሰበረ።

ማክሰኞ

ቀሚሱን አታወልቅም። ለብሳው ነው የምትተኛው።

ሐሙስ

ምግብ አብሳይዋ ጠራችኝ። "ስማ አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷ ሳህኗን እንደወሰደችው ነው የምትመልሰው። ቀልድህን አብላት እንግዲህ።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ቤት ውስጥስ ትበላለች?" አለችኝ። "ትበላለች" አልኳት። ትንሽ ትበላለች። ትናንት ትንሽ በላች። ከትናንት ወዲያ ይመስለኛል።

የወላጆች ቀን

ግድግዳው ላይ በትልቁ "የአትክልታችን ረዳቶች" ተብሎ ተጽፏል። ሳላቋርጥ አነበብኩት። ከሥሩ የልጆቹ ሥዕሎች በተርታ ተሰቅለዋል። አንዱ ልጅ አባጨጓሬውን ቢራቢሮ እስኪሆን ስሎታል። አንዷ ንቧን ከአበባ አበባ ተከትላታለች። ወላጆች እየሳቁ ያልፋሉ።

የድንቡሼ አራት ወረቀት ነው። በመጀመሪያው ጥቁሩ ትንሽ ነው። በሁለተኛው ወፍሯል። በሦስተኛው ምንም የለም፤ ግንድና ቀይ ክር ብቻ። በአራተኛው አንዲት ቀይ ጥንዚዛ ክንፏን ዘርግታ ትበራለች፤ ግማሽ አካሏ ከወረቀቱ ዳር ወጥቷል። አንገቷ ላይ ቢጫ ነገር ተንጠልጥሏል። ከታች በኩል፣ ከጥንዚዛዋ የሚበልጥ፣ አንድ ጥቁር አውራ ጣት አለ።

"ጋሼ፣ ይሄ አንገቷ ላይ ያለው ምንድን ነው?" አለችኝ መምህርቷ። "ቁጥር ጽፋበታለች።"

ቀረብ ብዬ አየሁት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ በእኩል ርቀት።

"ሐብል ነው" አልኳት።

"ቁጥር ያለው ሐብል?"

"ውድ ነው ማለት ነዋ።"

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። የአንድ ልጅ አባት "ይሄስ ጣት?" ብሎ ጠየቀኝ። "የሠዓሊዋ ፊርማ ነው" አልኩት። እሱም ሳቀ። ዛሬ ብዙ ሰው አስቄያለሁ።

ሰኞ

ድንቡሼ ክፍል ውስጥ ቀለም ልታመጣ ስትነሳ ወደቀች። ተሸክሜያት ሐኪም ቤት ሄድኩ። ስትታቀፍ ምንም አትከብድም፤ ቀሚሱ ነው የሚከብደው። ሐኪሙ "ምን ምን በልታለች?" አለኝ። ያልበላችውን መዘርዘር ይቀል ነበር። "ቤት ውስጥ የተለወጠ ነገር አለ?" አለ። "ኧረ ምንም" አልኩት። ሆድ ይፍጀው።

ኪሷን ፈተሽኩ፣ እንቅልፍ ወስዷት ሳለ። አንደኛው ባዶ ነው። ሁለተኛው ውስጥ ቀይ ክሩ አለ።

ረቡዕ ማታ

ለአክስትየው ደወልኩ። "ነይ" አልኳት።

"ምን ሆነች?"

"አልበላ አለች።"

"ቃሏስ?"

"ስትመጪ እነግርሻለሁ።"

የስፌት መኪናው ድምፅ ሲቆም ሰማሁ። "ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ" አለች።

ለድንቡሼ "አክስትሽ ነገ ትመጣለች። ትወስድሻለች" አልኳት። ተነሳች። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈታች፣ ቀሚሱን አወለቀች፣ አጥፋ ሰጠችኝ። እንዳጥብላት ነው። ጥፍሬ ሥር ያለው እስኪለቅ ድረስ አጠብኩት። አሁን ገመድ ላይ ነው፤ እስኪነጋ ይደርቃል። ቂጣ ሰጠኋት፣ ግማሹን በላች። ዛሬ ፊቷን ወደ እኔ አድርጋ ነው የተኛችው።

ለአክስትየው ነገ ፊት ለፊት መናገር አለብኝ። አፌ ላይ አልመጣ አለኝ፤ በእጄ ልለማመደው።

በዚህ ደብተር ውስጥ አጋንኛለሁ፣ አልክድም። እኔ ሳላጋንን መተንፈስ አልችልም። የፈጠርኩት ግን አንድ ነገር ብቻ ነው። ያን ሰኞ ማታ ዝናቡ እውነት ነው። ባትሪውም፣ ጉልበቴ ላይ ያለው ጭቃም፣ ግድግዳውም እውነት ነው። ድንቡሼ ግን ምንም አላለችም። "ከዚህ አልሄድም" ያልኩት እኔ ነኝ። ድምፄን አቅጥኜ፣ ቀስ ብዬ፣ የገዛ ጆሮዬ እንዲሰማልኝ።

እሷም አልተኛችም ነበር።